የግድግዳውን ልብስ ለዋርዴ ብገዛው

"ልጄ፣ ፊትሽ የት አለ?"

እማማን የማስታውሳቸው በዚህ ጥያቄ ነው። ጊዜው 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኮቪድ ለይቶ ማከሚያ ነርስ ሆኜ እሰራ ነበር። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ተሸፍኛለሁ። ጋውን፣ ሁለት ጓንት፣ ኤን 95 ማስክ፣ ጎግል፣ በላዩ ላይ ደግሞ የፊት መከለያ። ደረቴ ላይ ስሜን በማርከር ጽፌያለሁ። ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር፤ አለበለዚያ እርስ በርሳችንም አንተዋወቅም። እማማ ግን ማንበብ አይችሉም። ለእሳቸው እኔም፣ ከእኔ በፊት ተረኛ የነበረችውም፣ ሐኪሙም፣ ጽዳት የምትሰራው ልጅም ያው አንድ ነጭ ነገር ነን። ነጩ ነገር ይመጣል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይሄዳል።

ዛሬ የምገመግመው ዕቃ በየትኛውም የህክምና ዕቃ መደብር አይገኝም። ያለው በልቦለድ ውስጥ ነው። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ከወጣሁ ጀምሮ ስለ እሱ ማሰብ አላቆምኩም። የዕቃ ግዢ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ። አዲስ ማሽን ሲመጣ ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። በሽተኛው ጋ በቶሎ ያደርሰኛል ወይ? እጄን እንደልቤ ያሰራኛል ወይ? ሲበላሽ ምን ይሆናል? ማንስ ይጠግነዋል? ይህንንም ዕቃ የምጠይቀው ያንኑ ነው።

ዕቃው የሚገኘው ማይክል ክራይተን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው "ዘ አንድሮሜዳ ስትሬይን" ውስጥ ነው። ደራሲው በሃርቫርድ ህክምና የተማረ ሰው ነው፤ ይህም ያስታውቃል። በ1971 ሮበርት ዋይዝ ፊልም አድርጎታል። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ፊልሙን ነው፣ መጽሐፉን ያነበብኩት ቆይቼ ነው። መጨረሻውን የሚነካ ነገር ስለማወራ፣ ሳይነገረው ማየት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ያቁም።

ታሪኩ አጭር ነው። ከህዋ የተመለሰች ሳተላይት አሪዞና ውስጥ ፒድሞንት የምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ታርፋለች። መንደርተኛው ያልቃል። ደማቸው በደም ስራቸው ውስጥ ይረጋል። የሚተርፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንድ ሽማግሌና አንድ የሚያለቅስ ጨቅላ። ሁለቱን ኔቫዳ ውስጥ ከመሬት በታች ወደተሰራ ባለ 5 ደረጃ ላቦራቶሪ ይወስዷቸዋል። ሆል የሚባል ሐኪም ሊያክማቸው ይመደባል። ችግሩ፣ እነሱን የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ሳይነኩ ደግሞ ማከም አይቻልም።

ዕቃው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የታማሚዎቹ ክፍል ጥርቅም ተደርጎ የታሸገ ነው። ግድግዳው ላይ መግቢያ አለ። ከመግቢያው ወደ ክፍሉ ውስጥ የሚዘረጋ ለስላሳ ቱቦ አለ። በቱቦው ጫፍ ላይ ሙሉ የፕላስቲክ ልብስ ተያይዟል፤ እጅ አለው፣ እግር አለው፣ ፊቱ ላይ ጥርት ያለ መከለያ አለው። ሐኪሙ ከውጭ በኩል ይገባል፣ በቱቦው ውስጥ ይድሃል፣ ልብሱ ውስጥ ይቆማል። ከዚያ ቱቦውን ከኋላው እያስከተለ አልጋው ጋ ይሄዳል። ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ አየሩ ግን የውጭ አየር ነው። ሲጨርስ በመጣበት ይመለሳል። ልብሱ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። እኔ የግድግዳው ልብስ እለዋለሁ።

"ልብሱ እዚያው ይቀራል" የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ለብዙ አንባቢ ይሄ ተራ ነገር ነው። ለይቶ ማከሚያ ውስጥ ለሰራ ሰው ግን ትልቁ ነገር ይሄ ነው። እኛን የሚያስፈራን መልበሱ ሳይሆን ማውለቁ ነበር። መጀመሪያ የላይኛው ጓንት። ከዚያ እጅ በአልኮል። ከዚያ ጋውኑን ውጩን ወደ ውስጥ እየጠቀለሉ፣ ልብስ ሳያስነኩ፣ ቀስ ብሎ። እጅ በአልኮል። ጎግሉን ከኋላ በላስቲኩ ይዞ። እንደገና እጅ። ማስኩ መጨረሻ። ይህን የምታደርገው ስድስት ሰዓት ቆመህ፣ ውሃ ሳትጠጣ፣ ሽንት ቤት ሳትሄድ፣ ጎግልህ ውስጥ ላብ ተጠራቅሞ፣ ራስህን እያመመህ ነው። ሰው የሚሳሳተው ሲደክመው ነው። ድካም ደግሞ የሚመጣው ልክ በማውለቂያው ሰዓት ነው። አንድ የስራ ባልደረባዬ አፍንጫዋን ለማከክ እጇን አንስታ መሃል ላይ ስታቆመው አይቻለሁ። ያን እጅ አልረሳውም። አየር ላይ ቀርቶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የግድግዳው ልብስ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ቆሻሻው ገጽ ሁልጊዜ ከወዲያ ነው፣ አንቺ ሁልጊዜ ከወዲህ ነሽ። የሚወልቅ ነገር የለም። ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ፍጥነቱንም በአንድ ሌሊት ልለካው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ተረኛ ለውጬ አውልቄ ወጥቻለሁ። ክፍሉ ትልቅ መስታወት አለው፤ በመስታወቱ የሁሉም ሞኒተር ይታያል። አይኔ እማማ ላይ አረፈ። የደማቸው የኦክስጅን መጠን ቁጥር 84 ይላል። ማታ 92 ላይ ትቻቸው ነበር የወጣሁት። ልብ ብዬ ሳይ የኦክስጅኑ ካኑላ ከአፍንጫቸው ወልቆ ጉንጫቸው ላይ ተጋድሟል። ተኝተዋል። የተካችኝ ልጅ ክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሌላ ታማሚ በደረቱ እያስተኛች ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ አትሰማም። እኔ ከእማማ አልጋ ያለኝ ርቀት ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ግን እንደገና ልልበስ ብል ጋውን፣ ጓንት፣ ማስክ፣ ማስኩ አየር ማሳለፍ አለማሳለፉን መፈተሽ፣ ጎግል... ቁጥሩ 82 ሆነ።

መስታወቱን በጡጫ መታሁት። አጠገባቸው የተኙት አባባ ነቁ። በእጄ አፍንጫዬን አሳየኋቸው፣ ከዚያ እማማን አሳየኋቸው። ገባቸው። የራሳቸውን የኦክስጅን ቱቦ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ከአልጋቸው ወርደው፣ የእማማን ካኑላ መለሱላቸው። ከዚያ ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ቆመው አዩ። እሳቸውም እኮ ያለ ኦክስጅን መቆም የሚከብዳቸው ሰው ነበሩ።

በዚያ መስታወት ላይ የግድግዳው ልብስ ቢኖር ኖሮ በመግቢያው ገብቼ፣ ድሄ፣ ተነስቼ፣ እማማ ጋ ለመድረስ ስንት ይፈጅብኝ ነበር? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። አባባም ከአልጋቸው ባልወረዱ ነበር።

ወደ እጅ ልምጣ። ከኮቪድ በፊት አራት ዓመት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነበርኩ። ኢንኩቤተር፣ ጨቅላ የሚሞቅበትን ዝግ አልጋ ማለቴ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ይህን ዕቃ በግማሽ ያውቀዋል። ኢንኩቤተር ጎኑ ላይ ክብ ክብ መስኮቶች አሉት። ክንድህን አስገብተህ ሕፃኑን ታገላብጣለህ፣ ዳይፐር ትቀይራለህ፣ ቱቦ ታስገባለህ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ክንድህ መስኮቱ ላይ ታስሯል። ሕፃኑ ትንሽ ራቅ ካለ ትከሻህን ታጣምማለህ። ወገብህ ይቆረጣል። ሁለት ነርስ ባንድ ጊዜ እጃቸውን ሲያስገቡ ክርን ከክርን ይጋጫል። የግድግዳው ልብስ ከዚህ የሚበልጠው እግር ስላለው ነው። አልጋውን መዞር ትችላለህ። ማጎንበስ፣ መንበርከክ፣ በሽተኛውን ደግፈህ ማስቀመጥ ትችላለህ። አዋቂ ሰው የሚታከመው በክንድ ብቻ አይደለም፤ በጀርባም በጉልበትም ነው።

ቱቦው ግን ያሳስበኛል። ከኋላህ የሚጎተት ነገር ሁሉ መጠላለፉ አይቀርም። እኛ ጋ የኦክስጅን ቱቦ፣ የሞኒተር ገመድ፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ ከአልጋ ስር ያለ ፖፖ አለ። ሁለት ሰው በሁለት ልብስ ቢገባና ባንድ በሽተኛ ግራና ቀኝ ቢቆሙ ቱቦዎቹ ይጠላለፋሉ። በሽተኛው ከቱቦው ርዝመት ውጪ ቢወድቅስ? ታሪኩ ውስጥ ያለው ክፍል ሰፊና ባዶ ነው፣ ታማሚዎቹም ሁለት ብቻ ናቸው። የእኔ ዋርድ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

ጓንቱም አለ። በሁለት ጓንት ደም ስር መፈለግ ምን እንደሆነ የሰራ ያውቀዋል። ጣትህ ከስሩ ያለውን ነገር አያገኘውም። በአይን ትፈልጋለህ፣ ጎግሉ ደግሞ ላብ ለብሷል፣ ስለዚህ ባሰብከው ቦታ ትወጋለህ። እማማን ሦስት ጊዜ ወግቻቸው አላገኘሁም። አራተኛው ላይ "አይዞሽ ልጄ" ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የግድግዳው ልብስ ከጎግልና ከላብ ይገላግለናል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጓንቱ ግን ከልብሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወፍራም መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ይቀደዳል። ደግሞም ሁላችንም የምንገባው አንድ ልብስ ውስጥ ነው። የእኔ እጅ ትንሽ ነው፣ የሐኪሙ እጅ አካፋ ያክላል። የማንን ልክ ይሰፉታል? ብገዛው መጀመሪያ የማስጠይቀው በሦስት ልክ የሚቀያየር ጓንት ነው።

አሁን በጣም የምወደውን ክፍል ላውራ። በታሪኩ ውስጥ በሽታው እንዴት ተፈታ? ላቦራቶሪው በኮምፒውተር የተሞላ ነው። ደሙን የሚመረምር ማሽን አለ። በ1969 ይህ ሁሉ ለአንባቢ አስደናቂ ነበር። መፍትሔው ግን የመጣው ከአልጋው አጠገብ ነው። ሐኪሙ ልብሱን ለብሶ ሽማግሌውን ያናግራቸዋል። ምን እንደሚጠጡ፣ ምን እንደሚውጡ ይጠይቃቸዋል። ሽማግሌው የጨጓራ ህመም አለባቸው። አስፕሪን በብዛት ይወስዳሉ። ለምግብ ማሞቂያ የሚሸጠውን አልኮል ያለበት ነዳጅም ይጠጣሉ። ሁለቱም ደምን ወደ አሲድ ይገፋሉ። ጨቅላው ደግሞ ሲያለቅስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ ያወጣል፣ ደሙ በተቃራኒው ወደ አልካላይን ይሄዳል። ከህዋ የመጣው ተህዋስ የሚያድገው በጠባብ የአሲድ ልክ ውስጥ ብቻ ነው። ሽማግሌው በታች በኩል አመለጡት፣ ሕፃኑ በላይ በኩል።

ይህን ሳነብ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት። የጨቅላ ክፍል እናቶች ልጃቸው ሲያለቅስ ይደነግጣሉ። "ሲስተር፣ ምን ሆኖ ነው?" ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንፈራው ዝም ያለውን ነው። ለቅሶ ሳንባ መስራቱን ይናገራል። ደራሲው ይህን ያወቀው ከአልጋ አጠገብ መሆን አለበት።

የሽማግሌውም ነገር እንደዚያው ነው። ማሽኑ ደማቸው አሲድ መሆኑን ይናገራል። ለምን አሲድ እንደሆነ የሚናገሩት ግን እሳቸው ናቸው፣ ያውም ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠይቃቸው። የእጅ ሮቦት ተልኮ ቢሆን ደም ይቀዳ ነበር፣ ሰው ግን አያዋራም። የግድግዳው ልብስ ያደረገው ትልቅ ነገር ሰው መላኩ ነው። ፊቱ የሚታይ፣ በራሱ ድምፅ የሚጠይቅ ሰው። እኔ በማስክና በመከለያ ውስጥ ሆኜ ስናገር ድምፄ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር። "ምን በሉ?" ብዬ ስጠይቅ እማማ "ማን ሞተ?" ብለው ደንግጠዋል።

እንከኑም ቀላል አይደለም። ዋናው የማሸጊያው ጎማ ነው። በታሪኩ መጨረሻ ተህዋሱ ይለወጥና ሰው መግደሉን ትቶ ፕላስቲክና ጎማ መብላት ይጀምራል። የላቦራቶሪው ማሸጊያዎች ይበሰብሳሉ። ያ ተህዋስ ፈጠራ ነው። ጎማ ማለቁ ግን ፈጠራ አይደለም። እኛ ጋ በረኪናና አልኮል በየቀኑ የሚቀባ ጎማ ስንት ወር እንደሚቆይ አይቻለሁ፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያው ልቦለዱ በወጣበት ዓመት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ሲመለሱ 21 ቀን ተለይተው ተቀምጠው ነበር። ሂውስተን ውስጥ የጨረቃውን ድንጋይ የሚመረምሩት ሰዎች ድንጋዩን የሚነኩት በታሸገ ሳጥን ውስጥ በጓንት ነበር። ጓንት አፈሰሰና የተወሰኑ ሰራተኞች እነሱም ወደ ለይቶ ማቆያው ገቡ። ያኔ በዓለም ላይ ምርጥ የሚባለው ቤተ ሙከራ ነው ይሄ። ስለዚህ የግድግዳውን ልብስ የሚሸጥልኝ ሰው ካለ፣ ክፍሉ ሳይከፈት ጓንቱን እንዴት እንደምቀይረው ቆሞ እንዲያሳየኝ እፈልጋለሁ። በወረቀት ሳይሆን በእጁ።

መብራትም አለ። ክፍሉ አየሩን ወደ ውስጥ እየሳበ የሚያስቀር መሆን አለበት፣ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ተህዋሱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ። ይህን የሚያደርገው ማራገቢያ ነው፣ ማራገቢያው ደግሞ በመብራት ነው የሚሰራው። በሌሊት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥሬ አውቃለሁ። ልብሱ ውስጥ ያለው ሰው በቱቦው የውጭ አየር ስለሚያገኝ አይታፈንም፤ ይሄ ጥሩ ነው። ክፍሉ ግን የራሱ ባትሪ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። ልብሱ ክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር የሁሉንም በሽተኛ ሰውነት የሚነካው ያው አንድ ልብስ ነው። ሁሉም በአንድ በሽታ የተያዙ ከሆነ አንድ ነገር ነው። አንዱ ቁስል ካለውና ሌላው ከሌለው ግን ከአልጋ ወደ አልጋ በሽታ የምናመላልሰው እኛ ነን። በላዩ ላይ የሚጣል ሌላ ጓንት ማድረግ፣ በየመሃሉም ማጠብ ግድ ነው።

ከሁሉም በላይ ያመመኝ ግን ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ ጠያቂ የለም። መንደሩ ስላለቀ የሽማግሌው ወገን የለም፣ የሕፃኑ እናትና አባት የሉም። ስለዚህ ዕቃውን የሰራው ሰው ስለ ጠያቂ አላሰበም። እኛ አገር ይሄ አይሆንም። እዚህ ሰው ሲታመም ብቻውን አይታመምም። ከበሩ ውጪ አጥሚት በፔርሙስ የያዘች ልጅ አለች። ከቤተ ክርስቲያን ጸበል ያመጣች ጎረቤት አለች። ዕድሩ አለ፣ የሰፈር ሰው አለ። የእማማ ልጅ በየቀኑ ከስራ መልስ ትመጣና ግቢው በር ላይ ትቆም ነበር። ጥበቃው ሰሃኑን ይቀበላታል። ያ ሰሃን ከሷ እጅ ወደ እናቷ አልጋ እስኪደርስ ሦስት ሰው ይነካዋል፤ እሷ ግን አትገባም። አንድ ቀን የራሴን ስልክ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ አስገብቼ በቪዲዮ አገናኘኋቸው። እማማ ስልኩን ጆሮዋቸው ላይ ለጠፉት። ልጅቷ ያየችው የእናቷን ጆሮ ነው። ያም ሆኖ አለቀሰች፣ ደስ ብሏት።

አሁን ወደ እውነቱ ዓለም። ይህ ዕቃ ልቦለድ ውስጥ ብቻ አልቀረም። ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ቴክሳስ ውስጥ ዴቪድ ቬተር የሚባል ሕፃን ተወለደ። በሽታ የመከላከል አቅም ጨርሶ ስላልነበረው የኖረው በፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ነው። ለእሱ የሚፈራው ከውጭ የሚገባው ነበር። በ1977 ናሳ ልብስ ሰራለት። ልብሱ ከፕላስቲኩ ክፍል ጋር በቱቦ የተያያዘ ነበር፤ ልጁ በቱቦው ድሆ ገብቶ ልብሱ ውስጥ ይቆማል። ልክ እንደ ግድግዳው ልብስ፣ አቅጣጫው ብቻ የተገለበጠ። የለበሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በ1984 ሞተ፣ 12 ዓመቱ ነበር። እናቱ ያለ ፕላስቲክ በእጇ የነካችው ሊሞት ሲል ከክፍሉ ሲወጣ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ሥራ ገብቼ አንዲት እናት ጨቅላዋን ከኢንኩቤተር አውጥታ ደረቷ ላይ ስታስተኛው ረጅም ሰዓት ተውኳት። የመግቢያው ሰዓት አልፎ ነበር።

ለሌላው አቅጣጫ ደግሞ ፊሊፕ ትሬክስለር የሚባል አሜሪካዊ አለ። ከተህዋስ ነፃ የሆኑ እንስሳትን የሚያሳድግበት የፕላስቲክ መያዣ ሰርቶ ነበር። ያው ሐሳብ አድጎ አልጋ ላይ የሚዘረጋ የፕላስቲክ ድንኳን ሆነ፤ ሐኪሞቹ ከወገብ በላይ የሆነ ልብስ ውስጥ ገብተው በሽተኛውን ከውጭ ይነካሉ። ለንደን ያለው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2014 ሴራሊዮን ውስጥ ኢቦላ የያዘውን እንግሊዛዊ ነርስ ያከመው እንደዚህ ባለ ድንኳን ውስጥ ነው። ነርሱ ድኖ ወጣ። የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ይህን ዜና ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ልቤን ያሞቀው ግን ኪዩብ የሚባለው ነው። አሊማ የተባለው የህክምና እርዳታ ድርጅት ከምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ በኋላ ያመጣው ነው። ጥርት ባለ ፕላስቲክ የተሰራ፣ ለአንድ በሽተኛ የሚሆን ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ ጓንትና ከወገብ በላይ ልብስ ተሰፍቷል። ነርሷ በተራ የስራ ልብሷ ቆማ እጇን ታስገባለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ቤኒ ከተማ፣ ለኢቦላ ታማሚዎች ዋለ። ሙሉ መከላከያ ልብስ ለብሶ በዚያ ሙቀት የሚሰራ ሰው ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ መውጣት ነበረበት። በኪዩቡ ግን ውጪ ሆነህ በሽተኛው አጠገብ የፈለግከውን ያህል ትቆያለህ። እና ግድግዳው ጥርት ያለ ነው። ቤተሰብ ከውጭ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይታያል። ልቦለዱ የዘለለውን ጠያቂ ቤኒ አስገባችው። ያን የሰራው ሰው በር ላይ ሰሃን ይዞ የቆመ ሰው አይቶ መሆን አለበት።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ መከሰቱ ሲነገር መጀመሪያ ያሰብኩት እዚያ ያሉትን ነርሶች ነው። ማርበርግ ከኢቦላ ጋር ዘመድ ነው፣ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል። ማን እያለበሳቸው ይሆን? ማን እያወለቀላቸው? ያን ቀን የግድግዳውን ልብስ ፋይሌን እንደገና ከፈትኩ። ኮምፒውተሬ ላይ እንደዚህ የሚል ፋይል አለ፣ ከ2013 ጀምሮ የምጽፍበት።

ፍርዴ ይኸው። ለአንድ በሽታ፣ ለጥቂት ታማሚ፣ ሰፊ ቦታ ላለው ክፍል የግድግዳውን ልብስ እወስደዋለሁ። ከ10 7 እሰጠዋለሁ። ሁለቱን ነጥብ የቀነስኩት ለጎማውና ለቱቦው ነው። አንዱን ለጠያቂው። ትልቅ ዋርድ ላለው ሰው ግን ኪዩቡ ይሻላል፤ ቱቦ የለውም፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የራሱ ነው፣ ለብቻው ይታጠባል።

እማማ ከ19 ቀን በኋላ ዳኑ። የወጡ ቀን ተረኛ አልነበርኩም፤ ግን መጣሁ። በቀሚስና በአንድ ተራ ማስክ ግቢው ውስጥ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ማስኬን አወረድኩላቸው። አዩኝ፣ አላወቁኝም። "እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት" አልኩ። ያኔ ፊታቸው በራ። "አንቺ ነሽ እንዴ! ሦስቴ የወጋሽኝ!" አሉ። ልጃቸው ሳቀች። ከዚያ እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ፊቴን አዩት።

ስለዚህ የግድግዳው ልብስ አንድ ቀን የሚሸጥ ከሆነ፣ የማስተካክለው ነገር አለኝ። የክፍሉ አንድ ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ ጥርት ያለ ይሁን። ከውጭ በኩል፣ የአልጋው ራስጌ ትይዩ፣ ወንበር ይቀመጥ። ድምፅ የሚያሳልፍ ነገር በወንበሩ ቁመት ይሰራ፣ የሚናገረው ሰው እንዳይቆም። ከወንበሩ አጠገብ ደግሞ ፔርሙስ የሚቀመጥበት ትንሽ ጠረጴዛ።